ከልብ ጀርባ ያለው ሽቦ

ጥቅምት 12፣ ሮቤ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የመጋዘኔ ሠራተኛ ጀማል ከገሰራ የመጣውን የገብስ ጆንያ በናሙና ማውጫ ቱቦ እየወጋ ነው። ሁለት ጆንያ ከፊት ደረቅ፣ ከኋላ እርጥብ። መለስኩ። ሻጩ ማለ፣ ተቆጣ፣ ሳቀ፣ መልሶ ጭኖ ሄደ። ነገ ያንኑ ጆንያ ለሌላ ይሸጠዋል። ይሽጠው።

ዝናቡ አልቆም አለ። ስንዴው ማሳ ላይ እየቀላ ነው፣ ሰማዩ ግን ክረምት ላይ ቀርቷል። እንዲህ ከቀጠለ ዘንድሮ ኮምባይነሩ ጭቃ ውስጥ ተገትሮ ይውላል።

ይህን ሁሉ የምዘባርቅልሽ ዋናውን ላለመጻፍ ነው፣ ማስታወሻዬ። ትናንት ደረጀን ማሽኑ መታው።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደረጀ ታናሽ ወንድሜ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ እህሌን ሻሸመኔ የሚያደርስልኝ እሱ ነበር። አምና መሪ እንደያዘ ልቡ ቀጥ አለ። ደግነቱ መኪናው የነዳጅ ወረፋ ላይ ቆሞ ነበር። አ.አ. ወሰድነው፤ ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ማሽን ቀበሩለት። ከማሽኗ አንድ ሽቦ ይወጣል፤ በደም ሥር ገብቶ ልቡ ውስጥ ተተክሏል። ልቡ ሥርዓቱን ለቆ መርገፍገፍ ሲጀምር ማሽኗ በኤሌክትሪክ ትመታዋለች፣ ይመለሳል። ሥራዋ ይኸው ነው።

ትናንት ጎባ መናኸሪያ ከሹፌር ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ መታችው። ልቡ አልተመለሰም። ደገመችው። አልተመለሰም። ደገመችው። ጓደኞቹ የሚነዝራቸው መስሏቸው ሊይዙት ፈሩ። በመጨረሻዋ ምት ተመለሰ።

አመሻሽ ላይ ሄጄ አየሁት። ከንፈሩ አመድ። በቅሎ ከውጭ ስትራገጥ ነው የማውቀው፣ ይቺ ከውስጥ ናት አለኝ። ልስቅ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ሮቤ

የአ.አ.ውን ዶ/ር ስልክ ላይ አገኘሁት። ቶሎ ይምጣ አለ። ለምን እንደደጋገመች ማሽኗን ራሷን ጠይቀን እናውቃለን። ማሽን ይጠየቃል? ይጠየቃል አለ፤ የመታችበትን ሁሉ ትይዛለች። ከአንቺ ትሻላለች፤ አንቺ ካልጻፍኩብሽ ምንም አታውቂም።

እማዬ እኔም እሄዳለሁ ብላ ሻንጣ አወጣች። ጉልበቷ ከጎባ ሮቤ እንኳ አይችልም። አ.አ. ደግሞ ሁሉም ነገር ደረጃ ነው። ከለከልኳት። ልጄን ሲቀድዱት ደጅ ቆሜ እንኳ አልጠብቅ? አለች። ሁለት በሽተኛ ይዤ አልሄድም አልኳት። አኮረፈች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋቢዋን ተከናነበች።

መጋዘኑን ለጀማል ትቻለሁ። ቁልፉን ሲቀበለኝ፣ አዴ ብዙነሽ፣ እኔ እርጥብ አልገዛም፣ አንቺም እዚያ ባዶ ቃል እንዳትገዢ አለኝ። የገባው ሰው ነው።

ጥቅምት 20፣ አ.አ.፣ ከቀኑ 9፡00

ከሐኪም ቤት መመለሴ ነው። ደረጀ ተኝቷል። የተከራየነው ክፍል መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው።

ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ ረጋ ብሎ ያወራል፤ ዋጋ ደብቆ የሚያስከፍል ነጋዴ አይመስልም። ደረጀ ደረት ላይ አንድ ዕቃ አስቀመጠ፣ ያ የመናኸሪያው ቀን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። መስመሩ ይርገፈገፋል፣ አንድ ረጅም ጭረት፣ ይርገፈገፋል፣ ጭረት። ጭረቶቹ ምቶቹ ናቸው አለን። ከመጀመሪያዋ በቀር ሁሉም ማሽኗ ያላትን ኃይል ሁሉ ያወጣችባቸው ናቸው። ከዚያ በላይ የላትም።

ታዲያ ለምን አልመለሰችውም አልኩ። ወረቀት ላይ ልብ ሣለልን። የደረጀ ልብ ደክሞ ሰፍቷል። ሽቦው ያለው ከፊት፣ በቀኝ በኩል ነው። ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ተነስቶ ወደ ማሽኗ ሲመለስ የፊቱን ሥጋ ይመታል፤ ከኋላ በግራ ያለው ግን በቂ አይደርሰውም። የፊቱ ሲሰክን የኋላው ይርገፈገፋል፣ መልሶ የፊቱን ያስነሳዋል።

እኔ ያሰብኩት ጆንያ ነው። ቱቦውን በፊት በኩል ስትወጊ የፊቱን እህል ታገኛለሽ፤ የኋላው ቢበሰብስም አታይም። ታዲያ ከኋላ ውጉት አልኩት። ሳቀ። ያሰብነውም እሱን ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብን ጀርባ ታክኮ የሚዞር የደም ሥር አለ። በዚያ በኩል ሁለተኛ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ኤሌክትሮድ ያለው፣ እየገፉ ከኋላ ያደርሱታል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ከፊትና ከኋላ ሆኖ ልቡን መሃል ያስገባዋል። የሚያመልጥ ጎን አይኖርም። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ሽቦ አገር ውስጥ የለም። ኅዳር ላይ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ፣ ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር ይሠራዋል።

ካልተሳካስ? ካልተሳካ ማሽኗ ባላት ትመታለች አለ። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ...። አላስጨረስኩትም።

ጥቅምት 28፣ አ.አ.

ጥበቃ። ጠዋት ሻይ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ደረጀ ከሠፈሩ ሚኒባስ ሹፌሮች ጋር ተግባብቷል፤ ተራ አስከባሪውን በኦሮምኛ እየሰደበ ያስቃቸዋል። የማሽኗን ነገር ለሰው አይናገርም።

ፈርቷል። አይልም እንጂ ፈርቷል። ደረጃ ሲወጣ አንድ እግሩን አንስቶ ይቆማል፣ ያዳምጣል። ትመታኝ ይሆን ብሎ ነው። በልጅነቱ ከአባታችን ዱላ በፊት እንዲህ ነበር የሚቆመው፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ።

ጀማል ደወለ። ዝናቡ አባርቷል፣ ገሰራ አጨዳ ሊጀመር ነው፣ ያለ አንቺ ገበሬው አያምነኝም ይላል። ውሸቱን ነው፣ ያምነዋል። እንድመለስ ናፍቆ ነው። እኔም መጋዘኑ ናፍቆኛል። የደረቀ ስንዴ ሽታ እንዲህ የሚናፈቅ አይመስለኝም ነበር።

እማዬም ደወለች፤ ኩርፊያዋ አልፏል። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በላ? በላ አልኳት። አልበላም።

ኅዳር 6፣ አ.አ.፣ ከቀኑ 11፡00

ተሠራለት።

ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ተቀምጬ ነበር። ዶ/ሩ ቆቡን እያወለቀ ወጣ። ሥሩ ጠባብና ጠማማ ነበር አለ። በመጀመሪያው ቅርንጫፍ አልገባም አለ፣ በሌላው ሞከሩ፣ እሱም ግማሽ መንገድ ላይ ያዘ። ሊተዉት ተቃርበው ነበር። በኋላ ቀስ ብሎ ሄደላቸው፣ ከጀርባ ደረሰ።

ከዚያ ፈተኑት። ደረጀን አደንዝዘው ልቡን ሆን ብለው አሳበዱት። አዎ፣ ማስታወሻዬ፣ ሆን ብለው። ማሽኗ ታድነው እንደሆነ ለማየት። ከሙሉ ኃይሏ ባነሰ፣ በአንድ ምት መለሰችው። በአንድ! ዶ/ሩ ይህን ሲነግረኝ ልጅ ሆነ። የውጭዎቹም እጄን ጨበጡኝ።

እኔ ግን የገዢ ጥያቄ ነው የመጣልኝ። ያ ሽቦ እዚያ ምን ይዞት ይቀመጣል?

ፊቱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። የፊተኛው ሽቦ ሥጋው ውስጥ ተጠምዝዞ ገብቷል፣ አይነቃነቅም። የኋላው ግን በደም ሥሩ ውስጥ በቅርጹ፣ በመታጠፉ ብቻ ነው የሚቀመጠው። እየዋለ ሲያድር ሥጋ ይይዘዋል። እስከዚያ ድረስ ግራ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳ፣ አይጎተት፣ ከባድ አይያዝ። ከትከሻ በታች ግን ያንቀሳቅሰው፣ እንዳይደርቅ። እኔ ይበቃል እስክል ድረስ አለ።

አስደገምኩት። ከዚያ ደረጀ ሲነቃ ለእሱ ነገርኩት፣ እሱንም አስደገምኩት። ከትከሻ በላይ አይነሳ። እሺ እታለም፣ እጅ ወደ ላይ የሚባለው ሌባ ሲያዝ ነው አለ። ምላሱ ገና እንደተሳሰረ ይቀልዳል።

ዛሬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ብሎኛል። በአንድ ምት።

ኅዳር 14፣ ጎባ

እማዬ ቤት። ጎባ ብርድ ነው፣ የማለዳው ጤዛ ወደ በረዶ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ሄደ። እማዬ የደረጀን ሸሚዝ ከፍታ ስፌቱን አየች፣ ሳመችው፣ መልሳ ቆለፈችው።

አስቀምጬ ነገርኳት። እማዬ፣ ከባድ እንዳታስነሺው፣ ግራ እጁን ወደ ላይ እንዳያነሳ። እኔ ልጄን ከባድ አስነሥቼ አውቃለሁ? አለች። አታስነሺም፣ ግን ልብ በይ። እሺ አለች። ደረጀ ራሱ ከእኔ በላይ ተጠንቅቋል፤ ክንዱን በእማዬ ነጠላ ደረቱ ላይ አስሮታል፣ ሲተኛም አይፈታውም። ዶ/ሩ እንዲንቀሳቀስ አዟል እኮ አልኩት። በኋላ አለ። ምቷን ፈርቶ ነው።

ነገ ገሰራ እሄዳለሁ። ስንዴው አይጠብቀኝም።

ኅዳር 27፣ ገሰራ፣ ከቀኑ 7፡00

ኮምባይነሩ ሦስት ማሳ በልቶ ቆመ፣ ቀበቶው ተበጥሷል። ገበሬው ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔም።

ደረጀ ደወለ። ትከሻው ደርቋል፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም አልንቀሳቀስ ብሏል፣ ሸሚዝ መልበስ አልቻለም፣ ያመዋል። አ.አ. ደወልኩ። ዶ/ሩ ነጠላውን ፍቱለት፣ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ፣ ከትከሻ በታች ያንቀሳቅሰው፣ ማንም አይጎትተው አለ። ለደረጀ ቃል በቃል አደረስኩ። እሺ አለ። ከጀርባው እማዬ ስትናገር ይሰማኛል፤ ልጁ ክንዱ ሊሰልል ነው፣ እናንተ ስልክ ታወራላችሁ ትላለች።

ሥራዬን ጨርሼ እመጣለሁ አልኳት። ስንዴው ግን ጥሩ ነው። ቀይ፣ ከባድ፣ ደረቅ። እንዲህ ያለ ስንዴ ካየሁ ቆይቷል።

ታኅሣሥ 5፣ ጎባ፣ ከቀኑ 8፡00

ከገሰራ በቀጥታ እዚህ መጣሁ።

ስገባ እማዬ በር ላይ ናት። ፊቷ በርቷል። ነይ ጉድ እይ ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ደረጀ፣ አሳያት! አለች። ደረጀ ተነሳና ግራ ክንዱን አነሳው። ከትከሻው በላይ። ከጆሮው በላይ። ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እማዬ እልል አለች።

ተቀመጥኩ። ማን ነው? አልኩ።

ወጌሻ። ከጎሮ፣ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ፣ ለጎባም ለሮቤም የታወቁ ሽማግሌ። እማዬ መልእክት ልካ አስመጣቻቸው። ቅቤ አስቀልጠው፣ ትከሻውን አሽተው፣ ክንዱን ይዘው እየሳቡ እያዞሩ፣ ሁለት ቀን ተመላልሰው ፈቱት። ደረጀ በመጀመሪያው ቀን ጮኋል። በሁለተኛው ተነሳ።

እማዬ፣ እጁ እንዳይነሳ አላልኩሽም?

እሱ እንዳያነሳ ነው ያልሽው። እሱ መች አነሳ? ኦቦ ሁሴን ናቸው ያነሱት።

ቀጠለች። ደግሞ የተቀደደው ደረቱ፣ የታመመው ልቡ። እጁን እንጂ ልቡን ማን ነካው? እኔ እናቱ ነኝ፣ አንቺ ስንዴ ስትወጊ የልጄ ክንድ ዱላ ሆኖ ሲቀር ዝም ብዬ ልይ?

ደረጀን አየሁት። አንተስ? ዓይኑን መለሰ። አመመኝ እታለም፣ ደግሞ እሷ አለቀሰች አለ። ሁለት የሚያባብሉ ሰዎች መሃል የገባ ታማሚ ምን ይላል።

እማዬ ለወጌሻው ስጦታ ቃል ገብታለች። አንድ ኩንታል ስንዴ፣ ከልጄ መጋዘን፣ ከምርጡ ብላ። እሳቸው ይቅርብኝ ብለው ነበር፣ እሷ ናት በግድ ያለችው።

ምናልባት ምንም አልሆነም። ምናልባት ሥጋው ይዞት ነበር። ነገ ራጅ።

ታኅሣሥ 6፣ ጎባ

ሆስፒታሉ ራጅ አነሳልን። ሐኪሟ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት፣ ለጎባ ብርድ ጋቢ ደርባበታለች። ይዘን የመጣነውን የአ.አ.ውን ፎቶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ሰቀለች። ምንም ሳትናገር ገባኝ። በፊተኛው ሽቦው የልቡን ጀርባ እንደ ማጭድ ዞሮታል። በአዲሱ ጀርባው ባዶ ነው። ሽቦው ወደ ኋላ ተስቦ ወጥቶ አንድ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል።

እትዬ፣ ክንዱን የሳበው ሰው አለ? አለችኝ በቀስታ። ደረጀ ራሱ፣ አዎ፣ ወጌሻ አላት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ፎቶውን በስልኳ አንስታ ለአ.አ.ው ዶ/ር ላከችው።

ስንወጣ ደረጀ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። አዳመጠ። ከዚያ ወረደ።

ታኅሣሥ 9፣ ሮቤ

ዶ/ሩ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ምንም አልደበቀም።

ሽቦው ወጥቷል። መመለስ ማለት እንደገና መክፈት ማለት ነው። ያ የደም ሥር ያኔ ሽቦውን በጉተታ ነው ያስገባው፣ አሁን ቆስሎ ይሆናል፣ ይበልጥ ጠብቦ ይሆናል። የወጣው ሽቦ ደግሞ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይፈልጋል። አዲሱ አገር ውስጥ የለም። የውጭዎቹ መቼ እንደሚመለሱ አልነገሩትም። የደረጀ ልብ ደግሞ ካለፈው ደክሟል፤ ሁለተኛ ማደንዘዣ ላይ ልቡን አሳብደን መመለስ ሊያቅተን ይችላል፣ እትዬ።

የእርስዎ ወንድም ቢሆን? አልኩት። አልከፍተውም አለ።

እስከዚያውስ? ማሽኗ በፊተኛው ሽቦ ብቻ ትሠራለች። እንደ መናኸሪያው ቀን። እየመታች፣ እየመታች፣ አንዷ ትይዝ እንደሆነ።

ምን ነክቶት ወጣ ብሎ አልጠየቀኝም፤ የጎባዋ ነግራዋለች። እናታችሁን አትቆጧቸው ብቻ አለ። እሱ እንኳ አሰበላት።

ሸቀጥ ሲበላሽ የማደርገውን አውቃለሁ። አጣራለሁ፣ እለያለሁ፣ የሚድነውን አድናለሁ፣ ቀሪውን ለከብት። እዚህ የሚለይ ነገር የለም።

ታኅሣሥ 12፣ ጎሮ

የገበያ ቀን ነው። የመጣሁት ለገብስ አይደለም።

ለወጌሻው ልነግረው ነው የመጣሁት። አንተ ጠያቂ የለህም ወይ ልለው። በመንገድ ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር። ቤቱን አንድ ፍየል ነጂ አሳየኝ።

ሽማግሌው በረንዳ ላይ የአንዲት ሴት ቁርጭምጭሚት ይዘው ነው ያገኘኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣት ጫፍ ይፈልጋሉ። ሴትዮዋ ታወራለች፣ እሳቸው እህ ይላሉ። ድንገት ቀጭ አለ፣ ሴትዮዋ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ቆማ ሄደች። ብርም አልጠየቋትም።

ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። መጀመሪያ ያሉኝ፣ ሀርኪሳ አካም? እጁ እንዴት ነው? ተነሳ? ተነስቷል አባባ አልኩ። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ራሳቸው ነገሩኝ። ሐኪም ቤት የነበረ ሰው ሲያመጡልኝ እፈራለሁ አሉ፤ ብረት ያስገባሉ፣ ብረት ያለበትን ክንድ እኔ አልነካም። እናትሽን ጠየቅኋት፣ ሲቢላ፣ ክንዱ ውስጥ ብረት አለ ወይ? የለም አለችኝ። ዳስሼም አየሁ፣ የለም።

እውነት ነው። ክንዱ ውስጥ ብረት የለም።

ማን ዋሸ? ማንም። እማዬ የተጠየቀችውን መለሰች። እሳቸው የሚጠየቀውን ጠየቁ። ደረጀ አመመው። ቢዋሹልኝ ይሻለኝ ነበር፣ የምይዘው አገኝ ነበር።

ይዤው የመጣሁትን ቃል ይዤው ተመለስኩ። ወተት አጠጥተውኛል።

ታኅሣሥ 16፣ ሮቤ፣ ማለዳ

ትናንት መታችው። ቤት ውስጥ፣ ፊቱን ሲታጠብ። ደጋገመች። ተመለሰ። እማዬ ጸበል ስትረጨው ጎረቤት መጥቶ እሷን ያዛት። አሁን ተኝቷል ብላ ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነው። እጁ ግን ምንም አልሆነም፣ ወድቆ እንኳ እጁ ደህና ነው አለችኝ። ለማጽናናት።

ታኅሣሥ 18፣ ጎባ፣ ከቀኑ 10፡00

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቆ ደረጀ ራሱ ወሬውን አነሳው።

ዶ/ሩ ምን አለ? አለኝ። አልነገርኩትም ነበር። ነገርኩት። የማልገዛውን ስንዴ ጥሩ ነው ብዬ አላውቅም፣ ለእሱም አላልኩም። ያለውን ሁሉ፣ አልከፍተውም ያለውን ጭምር።

ሰማ። ጉንጩን አሻሸ። አውቄው ነበር፣ የጎጃሟ ልጅ ሻይ ጋበዘችኝ አለ። ሐኪም ሻይ ሲጋብዝሽ አለቀልሽ ማለት ነው። ከዚያ፣ እታለም፣ አታስከፍቱኝ አለ። የውጭዎቹ ቢመጡም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰው ልቤን አሳብዶ ሲያየኝ ከምሞት እዚሁ ሻይ ቤት ይሻለኛል።

ማሽኗን መምታቷን ማስተው እንደሚቻል ነገርኩት። ዶ/ሩ ቢፈልግ ብሏል። አሰበበት። አይ፣ ትምታ አለ። ባለፈውም በመጨረሻዋ ይዛለች። ደንባራ በቅሎ ናት፣ ግን የኔ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። እማዬ እንዳታውቅ። ሽቦው በራሱ ተንሸራተተ በያት፣ የውጭ ዕቃ ነው፣ ደካማ ነበር በያት። ኦቦ ሁሴንም አይወቁ። ማይ አለኝ። በአባታችን ማልኩለት፤ እሱም ማለ።

እማዬ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደረጀ፣ እስቲ አንሳው ልይ አለች። በየቀኑ ታደርገዋለች ለካ። ተነሳ። ክንዱን አነሳ፣ ከጆሮው በላይ፣ ጣቶቹን ዘረጋ። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ ልክ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል እንደምታይ። ተመስገን አለች። ይኼ እንኳ ተረፈልኝ።

እሱ እሷን ሳይ አይቶኝ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እጁ ገና ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 20፣ ሮቤ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጀማል መዝኖ ጨርሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁለት መኪና ሻሸመኔ ይሄዳል። ደረቅ ቀን፣ ነፋስ፣ አቧራ።

እማዬ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው የምትደውለው። የኦቦ ሁሴን ስንዴ ተላከ ወይ? ሰውዬው ምን ይሉኛል? ስሜን አታሰድቢ።

በውስጤ ያሰብኩትን ለማንም አላልኩም፣ ላንቺ ግን ልበል። አልክም ልል አሰብኩ። ከዚያ፣ የአምናውን፣ ነቀዝ የጀማመረውን ልላክ አሰብኩ። ነጋዴ ነኝ፣ ክፉ ዕቃ በጥሩ ጆንያ እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ይህን ሳመላልስ ቆየሁ። ብቀር እማዬ ለምን ትላለች። ነቀዝ ብልክ እሳቸው ዝም ይላሉ፣ ጎሮ ግን ዝም አይልም፣ ወሬው እማዬ ጋ ይደርሳል፣ እሷም ለምን ትላለች። ለምን የሚለው አንዴ ከተከፈተ መልሶ የሚዘጋው የለም።

ደግሞ ሰውዬው የተባሉትን ሠርተዋል። ክንዱ ተነስቷል።

ደረጀም ደወለ። ስንዴው ሲሄድ እኔም ልሂድ፣ ላመስግናቸው፣ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አልነዳም አለ። የጭነት መኪና ውስጥ ከገባ አምና ነው። በመንገድ ብትመታህስ? ሜዳው ሰፊ ነው፣ የምገጨው የለም አለ። እንቢ ልለው ነበር። እሺ ና አልኩት። ጋቢ ደርብ አልኩት፣ ጠዋት ይበርዳል።

ጀማልን ጠራሁት። ከገሰራው፣ ከቀዩ፣ አንድ ኩንታል ለይልኝ። ለማን ነው አለ። ለጎሮ። ቱቦውን ከእጁ ተቀበልኩና ራሴ ወጋሁት፣ ከፊት፣ ከዚያ ጆንያውን አዙሬ ከኋላ። መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ደረቅ፣ ንጹሕ።

ስፋው አልኩት። ነገ ጎሮ በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና ይጫናል።